ድስቱ ይታፈን፣ በሩ ይከፈት

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አከራይሽ እሑድ ማታ ደውላ ከነገረችኝ ወዲህ ግን ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። መብራት ቢጠፋብሽ የከሰል ምድጃውን ወደ ክፍልሽ አስገብተሽ፣ ብርዱን ፈርተሽ በርና መስኮቱን ዘግተሽ፣ ለጓደኞችሽ ያንን የሩዝና የሥጋ ምግብ፣ ቢርያኒን፣ ስትሠሪ አዙሮሽ ወድቀሽ እንዳገኘችሽ ስትነግረኝ ጉልበቴ ከዳኝ። አንቺ በማግስቱ «ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው» አልሽኝ። ትንሽ አይደለም፣ ልጄ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። በስልክ «ከላይም ፍም አድርጊበት» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ የት ሆነሽ እንደምታበስዪ ግን አልጠየቅኩሽም። እዚህ ድሬ ማንም ሰው ከሰል የሚያቀጣጥለው በረንዳ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ራሱ በር ያስከፍታል። የአዲስ አበባ ክረምት በር እንደሚያዘጋ ማሰብ ነበረብኝ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚጀምረው ሰውየው ድካም ነው ብሎ ጋደም ሊል በሚችልበት ጊዜ ነው። ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ አይጎዳም የሚሉሽን አትስሚ፤ ጭስ የሌለው ፍምም ይገድላል። ስለዚህ ድስቱን ድፈኚ፣ በሩን ግን ክፈቺ፤ ከዚያም የተሻለው ምድጃውን ጨርሶ ወደ ውጭ ማውጣት ነው።

ቢርያኒውን ተዪ አልልሽም። ነገር ግን እንደ ዶሮ ወጥ ሆኖብሻል መሰለኝ፤ ኮረሪማና በርበሬ ጨምሬበታለሁ ስትዪኝ ዝም ያልኩት ደስታሽን ላለማጥፋት ነበር። የዚህ ምግብ ሽታ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ከሙን ነው። ቅቤውም ኮሰረትና በሶብላ ያልገባበት ይሁን። ዶሮውን ከነአጥንቱ ከፋፍለሽ በእርጎ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በእርድና በጨው አሽተሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ቶሎ ይበስላል፤ የሐበሻ ዶሮ ከገዛሽ ግን ሳይለሰልስ ከሩዝ ጋር እንዳታገናኚው፣ ሩዙ ሲፈርስ ሥጋው ጥሬ ሆኖ ይጠብቅሻል። ለ1 ኪሎ ሥጋ ከ700 ግራም የማይበልጥ ባስማቲ ሩዝ ይበቃል። ውሃው እስኪጠራ እጠቢው፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ከዚያ ጨው ባለው ብዙ ውሃ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ብቻ ቀቅለሽ፣ ሲነከስ መሃሉ ገና ጠጠር እንዳለ አጥልዪው። የቀረውን የሚያበስለው እንፋሎቱ ነውና እዚህ ላይ አትሳሺ።

ሥጋው መጀመሪያ ለብቻው በስሎ መረቁ ሲወፍር ከታች ይነጠፋል፣ ሩዙ ይደረብበታል፤ በላዩ እስኪቀላ የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠልና ቅቤ ይነሰነሳል። ከዚያ የድስቱ አፍ ዙሪያውን በሊጥ ይደፈናል። ከሥሩ ብረት ምጣድ ካደረግሽ አያርም። በለዘበ እሳት 25 ደቂቃ ያህል፣ ወርዶም 10 ደቂቃ ሳይከፈት ይቆያል። ሲወጣ አይማሰልም፤ ከዳር ወደ ታች እየተጠለቀ ነጩም ቢጫውም ሩዝ ከሥጋው ጋር ይነሣል።

ስለ ሊጡ ስጽፍልሽ ለአባትሽ እንኳ በቅጡ ያልነገርኩት ነገር ትዝ አለኝ። ይህን ሙያ ያስተማረችኝ አንቺ በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቂያት፣ በዓረብኛ «አክስቴ» ለማለት ኻልቲ የምንላት ሴት ናት። አባቷ በባቡሩ ዘመን ጨርቅ ሊነግድ የመጣ ህንዳዊ፣ እናቷ የመናዊት ነበሩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማዋ ከተቆረቆረች ወዲህ እንደ እነሱ ያለ ቤተሰብ በድሬ ብዙ ነበር። እሷ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን በመሆናችን አንዳችን የሌላችንን ሥጋ አንበላም ነበርና፣ ቢርያኒዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በዓይኔና በአፍንጫዬ ብቻ ነው የተማርኩት።

አባትሽን ያገባሁ ሰሞን ኻልቲ አዲስ ድስት ገዛች፤ የእነሱ ሥጋ ያልነካው እንዲሆን ነው። ዶሮውን በግቢያችን የሚኖር የክርስቲያን ልጅ ጠርታ በእኛ ሥርዓት አሳረደች፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ አፉን በሊጥ ደፍና ላከችልኝ። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ሲታረድ ማን አየ?» አለች። እኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ አፌን አውጥቼ «እኔ አምናታለሁ» ማለት አቃተኝ። ድስቱ ጠረጴዛ ላይ አደረ። ጠዋት ሊጡ እንደ ደረቀ፣ ሳይሰበር፣ ወስጄ መለስኩላት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ የሊጡን ዙሪያ በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችና «ግቢ፣ ቡና አፍልቻለሁ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ የመን ስትሄድ ያንኑ ድስት ደጃፌ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች፤ ይቅር ብላኝ ይሁን ቅሬታዋን ልትነግረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጠይቅባት የምችለው የደቻቱ ወንዝ ዳር ቤቷም በ1998ቱ ጎርፍ ሄዷል።

ድስቱን ግን አልክልሽም፤ ለክፍልሽ ትልቅ ነው፣ እኔም ገና አልጠገብኩትም። ዓርብ በሚነሣው አውቶቡስ 2 ኪሎ ባስማቲ፣ በከረጢት የተቋጠረ ሄልና ቅርንፉድ፣ ክዳኑ ከበድ ያለ ትንሽ ድስትም ልኬልሻለሁ። ቅርንፉዱን ቆጥረሽ አግቢ፤ ከ5 ፍሬ በላይ ከገባ ምግቡ ይመርራል። የአጎትሽ ልጅ ተቀብሎ ያደርስልሻል፤ የመኪናውን ሒሳብ እኔ ከፍያለሁና ገንዘብ እንዳትሰጪው።

ሐኪም ቤት ሄጄ ታየሁ ብለሽ እስክትነግሪኝ ድረስ ግን አላምንሽም፤ ነገ ሂጂ። ራስ ምታቱ ከተመለሰብሽ ነገን አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሂጂ። ምድጃውንም በረንዳ ላይ አውጪው፤ ዝናብ ከሆነ ሳይሠራ ይቅር፣ እንግዶችሽ ዳቦ ይብሉ። ከሰሉን ስታቀጣጥዪ ከደጅ ሆነሽ ደውዪልኝ፤ የመንገዱን ድምፅ በስልክ ልስማ።

እናትሽ