የምስጋና መልእክት፦ መዝገብ ዘግቼ መላጊያ ስጨብጥ አብራችሁኝ ለቆማችሁ

ለቤተሰቤ፣ ለወዳጆቼና ለቀድሞ ባልደረቦቼ፤

11 ዓመት ከሠራሁበት የሒሳብ ክፍል ወጥቼ ወደ እንጨት ሥራ ከገባሁ ትናንት አንድ ዓመት ሞላኝ። በዚህ መሀል ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ «እንዴት ነው፣ ለመድከው?» ስትሉኝ «ደኅና ነው» ብዬ አልፌያችኋለሁ። ደኅና ያልነበረባቸው ወራት ነበሩ። ዛሬ በወጉ ልመልስላችሁ፤ በዚያውም ላመስግን።

ከሁሉ በፊት ባለቤቴን። «ትችላለህ፣ አይዞህ» አላለችኝም። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ «ያለ ደመወዝ ስንት ወር እንቆያለን? የሰው ሒሳብ ስትሠራ ኖረህ የራሳችንን ትፈራለህ?» አለችኝ። ቆጠርን፤ ስምንት ወር ወጣ። በሰባተኛው ወር መጨረሻ ካልተሳካ ሥራ መፈለግ እንደምጀምር ጻፍንና ቀኑን በእስክሪብቶ ከበብነው። ያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ቀን ተቆረጠለት።

እማዬ፣ «11 ዓመት የለፋህበትን ልትጥለው ነው?» ያልሽኝ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ አስሮኛል። መልሱ የገዛ ሙያዬ ውስጥ ነበር፦ ወጥቶ ያለቀና የማይመለስ ወጪ ለቀጣዩ ውሳኔ ምክንያት አይሆንም። ይህንን ለሥራ ኃላፊዎች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ መሰለሽ። በራስ ሕይወት ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ደግሞም ሁሉም አልተጣለም፤ ዛሬ ለአንድ ቁም ሣጥን ዋጋ ሳወጣ የሚባክነውን ጣውላና የእጄን ሰዓት ጭምር የምቆጥረው ያኔ በተማርኩት ነው። ከወጣሁ በኋላ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላልሽኝም። ብትዪ የሚያስችልሽ ቀን ሞልቶ ነበር።

የቀድሞ አለቃዬን፣ መልቀቂያዬን ተቀብለው «የወር መጨረሻ ሒሳብ ለመዝጋት ለጥቂት ጊዜ በኮንትራት ና» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሻገረን እሱ ነው።

ጋሼ፣ ለእርስዎ የምለው ይበዛል። ሥራዬን ሳልለቅ ለዓመት ተኩል ቅዳሜና እሑድ ወርክሾፕዎ እየመጣሁ ስማር አንዴም አላሞገሱኝም። የገጠምኩትን ጥግ ወደ መስኮቱ አንሥተው «ብርሃን ያሳልፋል» ይሉና ይመልሱልኛል። አንድ ቀን ደፍሬ «በዚህ ሥራ እንጀራ እበላ ይሆን?» ብዬ ብጠይቅዎ የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን፣ አቀበሉኝና «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እሱን ጠይቀው» አሉኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ነገሮች እንደሚያገኝ፣ ከሁሉም የሚጠነክረው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር እንደሆነ፣ የሰው ማበረታቻ ግን ከዚያ እንደሚደክም ማስረዳቱን ያነበብኩት በኋላ ነው። እርስዎ ሳያነቡት ያውቁታል።

በአምስተኛው ወር ስለተሰነጠቀው ጠረጴዛ የማያውቅ ካለ እነሆ ይወቅ። እንጨት ከእርጥብነቱ ተነሥቶ ፍጹም እስኪደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ቢሆን ነው፤ በወርዱ ግን እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ አሰነጣጠቁ እስከ 10 በመቶ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ሊጠብ ይችላል። ከደረቀ በኋላም አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ስለዚህ የጠረጴዛ ፊት ከእግሩ ጋር ሲያያዝ መላወሻ ይተውለታል። ይህን ጋሼ ነግረውኛል። እኔ ግን ቸኩዬ ዙሪያውን በብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ደረቁ ወራት ሲመጣ ከጫፍ እስከ መሀል ተተረተረ።

ደንበኛዬ፣ ስምሽን ባልጠቅስም ራስሽን ታውቂያለሽ። «ገንዘቤን መልስ» ማለት መብትሽ ነበር። አንቺ «ና፣ ምን እንደሆነ እየውና ንገረኝ» አልሽ። ያን ማታ ወደ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት የድሮ ሲቪዬን ከፍቼ ማደስ ነበር፤ ባለቤቴ አይታ ዝም አለች። ጠዋት ጠረጴዛውን ፈታሁት። ስንጥቁ ልክ ሁለት ብሎኖች መካከል ላይ ነበር። ያኔ በጥፋቴ እያፈርኩ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሥራውን እንደምችለው ገባኝ፤ የሒሳብ ሚዛን አልገጥም ሲል ልዩነቱን ያመጣችውን አንዷን መስመር ስታገኛት ያለውን ስሜት የሒሳብ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ለብሎኖቹ በክቡ ቀዳዳ ፈንታ ሞላላ አወጣሁና አዲስ ፊት ሠራሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሽኝ። ሲቪውም እስከ ዛሬ ግማሹ እንደታደሰ አለ፤ አልደመሰስኩትም፣ ወደ እሱም አልተመለስኩም።

የተከበበው ቀን ሲደርስ በእጄ አራት ትእዛዝ ነበር። ብዙ አይደለም። ባለቤቴ አዲስ ወረቀት አምጥታ እንደገና ቆጠርን።

«ተው፣ አታድርገው» ላላችሁኝም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ ጥያቄያችሁ ከብዙ ምርቃት ይልቅ አዘጋጅቶኛል። አንዳንዶቻችሁ አሁንም እንደማታምኑበት አውቃለሁ፤ እኔም አንዳንድ ሰኞ ከእናንተ ጋር ነኝ።

በሉ ይብቃኝ። መሳቢያውን ለምትጠብቂው እኅቴ፦ ሐሙስ ይደርስልሻል፤ ኮላው ገና አልደረቀም።