እማዬ፣ ጎመኑን አትተዪው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የመንዝ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን ታናሼ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ሲጨርስ ይድገመው።

ድዴ ደማ ብለሽ ደም ማቅጠኛ ኪኒንሽን፣ ዋርፋሪኑን፣ አራት ቀን መተውሽን ስትነግሪኝ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትዝ ይልሻል፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አጠገብሽ ስተኛ ልብሽ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ባና ደርበንም ይሰማኝ ነበር። በቀዶ ጥገናው የገባልሽ ሰው ሠራሽ የልብ በር (ቫልቭ) ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ይወዳል። እዚያ ላይ ከረጋ ወይ በሩን ይይዘዋል፣ ወይ ተነቅሎ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ዋርፋሪኑ ይህን ነው የሚከለክለው። ስለዚህ የዕድሜ ልክ ነው፤ ተሽሎኛል ተብሎ አይተውም። ቀጥዪ ያልኩሽም ዶክተሩን አማክሬ ነው።

ድድሽ የደማው በኪኒኑ ብቻ አይመስለኝም፤ ለጉልበትሽ የወጉሽ ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ነው። ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደም ያፈሳል። ደም ማቅጠኛ ትወስጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽ አንድ ሰው አለመኖሩ አሁንም ያንገበግበኛል። ከእንግዲህ መርፌም ይሁን ጥርስ መንቀል፣ መጀመሪያ ካርድሽን አሳዪ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም ሳትጠይቂ አትውሰጂ።

አሁን ወደ ጎመኑ። ተጠንቀቂ ስላሉሽ ጭራሽ ተውሽው አሉ። እማዬ፣ እንደሱ አይደለም። ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ፤ ደም እንዲረጋ ያግዛል። ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው የእሱን ሥራ በመግታት ነው። ዶክተሩ የኪኒኑን መጠን የሚያስተካክሉት በምትበዪው ልክ ነው። ወሩን ሙሉ ሳትቀምሺው ከርመሽ ሁዳዴ ሲገባ ጠዋት ማታ ጎመን ከሆነ ልኬቱ ይዛባል። 55 ቀን ቀላል አይደለም። ብዪው፣ ግን ከሳምንት ሳምንት በተቀራራቢ መጠን። ጾሙ ሲገባም ሲወጣም ተመርመሪ።

በደም ምርመራው የሚለካው አይ ኤን አር ይባላል፤ ደምሽ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ላንቺ ዶክተሩ ከ2.5 እስከ 3.5 ብለው ጽፈዋል። ኪኒኑን ከተውሽው በኋላ 1.6 ነበር የወጣው። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በአሜሪካ ላሞች ማገጥ የመሰለ ሣር የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደማቸው አልቆም እያለ አለቁ። ኋላ ወደ ዋርፋሪን የተደረሰው የዚያን ምክንያት ከመፈለግ ተነሥቶ ነው። የሻገተ ድርቆሽ ለከብት አይሰጥም ስትዪን ያደግነው ትዝ አለኝ። ኪኒኑ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ደም ይረጋል። የምጨቀጭቅሽ ለዚህ ነው።

ኪኒኑን ማታ 2 ሰዓት ዋጪው። ማታ ስለሆነ ጾምሽንም አይነካም። ብትረሺና ያው ሌሊት ትዝ ካለሽ ዋጪ። ከነጋ ግን ደርበሽ ሁለት እንዳትወስጂ። ጸበል ሂጂ፣ ኪኒኑን ግን ይዘሽ ሂጂ።

ሰገራሽ ከጠቆረ፣ ሽንትሽ ከቀላ፣ ወድቀሽ ጭንቅላትሽን ከመታሽ፣ አፍሽ ከተጣመመ ወይ እጅሽ ከዛለ፣ ወይም ያ ቀጭታ ከታፈነብሽ፣ እስኪነጋ እንዳትጠብቂ። በመኪና ሐኪም ቤት ያድርሱሽ። ልጆቹ ከመንገድ ላይ ይደውሉልኝ።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጠብቄሽ አብረን እንመረመራለን። ቁርስሽን በልተሽ ነዪ፤ ለዚህ ምርመራ ባዶ ሆድ አያስፈልግም። ጋቢሽን ደርቢ።

ልጅሽ