"18 ከ25" ምን ማለት ነው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ፣ በ2013 ኮቪድ ሲበረታ አባዬን ደረት ሲቲ ስካን አስነስተነው ሪፖርቱ ላይ "18 ከ25" የሚል አይተን ቤቱ በለቅሶ ተናጠ፣ የሚያስረዳን ሰው የለ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ሳንባ አምስት ክፍል አለው (ቀኝ 3 ግራ 2)፣ እያንዳንዱ እንደ ጉዳቱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል፣ ከ75 ፐርሰንት በላይ ከተጎዳ 5 ማለት ነው፣ ከዛ ይደመራል በቃ። ግን እኮ ቁጥሩ ሳንባው ምን ያህል እንደተነካ እንጂ ሰውዬው ኦክስጅን እያገኘ መሆኑን አይነግርም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ስካኑ ንጹህ ሊሆን ይችላል! እኛ ወረቀቱን ይዘን ስናለቅስ ጣቱ ላይ ያለችውን የኦክስጅን መለኪያ ያየ የለም። ሐኪሞቻችን፣ ሪፖርቱን ስትሰጡ ሁለት ደቂቃ አስረዱን፣ ብሩንማ ከፍለናል።