ለእማዬ፣ ስለ አባባ ሐውልት

ቹንቾን፣ ደቡብ ኮሪያ
ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጋሼስ? እትዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው እንዳለ ነው፤ የዘንድሮው ሙቀት ግን አይጣል ነው።

"በስልክ ይቆራረጣል፣ ጻፍልኝና ለአጎትህ አነብለታለሁ" ስላልሽኝ ይኸው ጻፍኩ። ቡናውን አቅርቢላቸውና አንብቢላቸው። ሁለተኛው ላይ ጀምሪ፤ በአቦሉ ላይ ጋሼ ሰው አይሰሙም።

አንቺ የአያቴ የአባባ የመቃብር ሐውልት ላይ "የኮሪያ ዘማች" ተብሎ ይቀረጽ ትያለሽ። ጋሼ ደግሞ "አባታችን የሄዱት በ1946 ነው፤ ጦርነቱ ያለቀው በ1945። ካለቀ በኋላ የሄደ ሰው ምን ዘማች ይባላል? የእድሩ ሰው ይስቅብናል" ይላሉ።

በቀኑ ጋሼ ልክ ናቸው። በሁለቱ ኮሪያ ድንበር፣ ፓንሙንጆም ላይ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 27፣ 1953። ግን የተፈረመው የተኩስ አቁም ነው እንጂ የሰላም ውል አይደለም። ወረቀቱ ራሱ የመጨረሻ ሰላማዊ መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ ነው የሚለው። በዓመቱ ጄኔቭ ላይ ተሰበሰቡ፤ ሳይስማሙ ተበተኑ። የደቡቡ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ደግሞ ተኩስ አቁሙንም አልፈርምም ብለው ቀሩ። የሰላም ውል የሚባል ነገር እስከ ዛሬ የለም።

እኔን በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። የተፈረመው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ተኩስ ይቁም የተባለው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በመሃል ድፍን 12 ሰዓት፣ በሁለቱም ወገን መድፍ ሲወርድ ዋለ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተ ወታደር ጦርነቱ አልቆ ነው የሞተው ወይስ ሳያልቅ? ጋሼ ይመልሱልኝ።

እዚህ ስትኖሪ ጦርነት ያለበት አገር አይመስልሽም። ካፌው ሙሉ ነው፣ ባቡሩ ደቂቃ አያሳልፍም። ግን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ 18 ወር ውትድርና ጨርሶ መጥቶ አሁንም ለተጠባባቂ ሥልጠና ይጠራል። አለቃችን "ሂድ" ይለዋል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ማሽኑ ላይ ይቆማል። በቀደም ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የአየር ጥቃት ልምምድ ነበር። ሳይረን ሲጮህ መኪናው ሁሉ ጥግ ይዞ ቆመ፣ እኛን ወደ ምድር ቤት አስገቡን። አጠገቤ የነበረች ልጅ አይስክሬሟ እጇ ላይ እየቀለጠ ስልኳን ትነካካለች። የፈራ ሰው አላየሁም። የቀረም አላየሁም።

"አልቋል እንበል" የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። በ2018 በፈረንጆቹ የሁለቱ ኮሪያ መሪዎች እዚያው ፓንሙንጆም ተገናኝተው፣ በዚያው ዓመት የጦርነቱን ማብቃት እናውጃለን ብለው ፈረሙ። ሳይታወጅ ቀረ። ሰሜኑማ በፈረንጆቹ 2013 የተኩስ አቁሙን ራሱን "ፈርሷል" ብሎ ነበር፤ ጥይት ግን ያን ያህል አልተተኮሰም። በዚህ ክረምት ደግሞ ደቡቡ ድንበር ላይ የተከለውን ድምፅ ማጉያ ነቀለ። አንዱ ይነቅላል፣ ሌላው ይተክላል።

እሺ፣ ሕጉን እንተወው። ከተኩስ አቁሙ በኋላም ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ እየተተካካ መምጣቱን አላቆመም። አባባ የመጡት ከአራተኛው ጋር ነው። ጦርነቱ አልቆ ቢሆን ጃንሆይ ይህን ሁሉ ሰው ባሕር አሻግረው ለምን ይልካሉ? ለሽርሽር? የግራ እግራቸው ሁለት ጣት የቀረው እኮ እዚህ ዘብ ላይ ነው። ያንን ብርድ እኔ አሁን አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜስ፣ ፒዮንግያንግ ወዳጅ ስትሆን፣ የወታደር ልብስ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ጤፍ ጆንያ ውስጥ የደበቁት ምን ፈርተው ነው? ይህን የነገሩኝ ራስዎ ነዎት ጋሼ።

ደግሞ አይቆጡኝ እንጂ፣ የእርስዎንም ላንሳ። የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመው ታኅሣሥ 1993 ነው። እርስዎ ከባድመ ግንባር ቤትዎ የገቡት መቼ ነው? ከፊርማው በኋላ ስንት ክረምት ምሽግ ውስጥ አሳለፉ? ሐምሌ 2010 አስመራ ላይ "ጦርነቱ አበቃ" ሲባል ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ያለቀሱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አጠገብዎ ነበርኩ። በ1993 ያለቀ ጦርነት ከሆነ በ2010 ምን አስለቀሰዎት? አንድ ሰው እድር ላይ ተነስቶ "እርስዎማ ከታኅሣሥ በኋላ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት" ቢልዎት ወንበር የሚወረወር ይመስለኛል።

እማዬ፣ አንቺም ግን አታጋኚ። "የኮሪያ ጦርነት ጀግና" የሚለውን አልወደድኩትም። ኮረብታው ላይ ሲዋጉ የወደቁ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን አሉ። አባባ የእነሱን ቦታ ይገባኛል ብለው አያውቁም። ባለፈው እሁድ እዚህ ቹንቾን ወዳለው የቃኘው መታሰቢያ ሄጄ ነበር፤ ጣሪያው እንደ ጎጆ ነው፣ ብታዪው ትስቂያለሽ። ዘበኛው ሽማግሌ "አያትህ ስንተኛው ቃኘው?" ሲለኝ "አራተኛው" አልኩ፣ ትንሽ ፈራ ተባ እያልኩ። ሰውየው ምንም አላለም። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝና አንዲት ሠራተኛ ጠርቶ አስተዋወቀኝ።

ስለዚህ እንዲህ ይቀረጽ፦ "የቃኘው ሻለቃ ወታደር፣ የኮሪያ ዘማች፣ 1946 ዓ.ም."። የሄዱበት ዓመት ስላለ የሚስቅ ሰው ቆጥሮ ይሳቅ። ጦርነቱ ያለቀበትን ዓመት እንዳታስጽፉ፤ ጠራቢው ሰውዬ በፊደል ነው የሚያስከፍለው ብለሽኛል፣ በዚያ ላይ የሚስማማበት ሰው የለም። ገንዘቡን ሰኞ እልካለሁ። ጋሼ አሁንም እምቢ ካሉ እሁድ በእኛ ማታ ይደውሉልኝ፤ በእናንተ ሰዓት ግን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ