ወደ ጋምቤላ ኑ ያላችሁ ማን ነው?

ለተከበሩ የስፖርት አምድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እግር ኳሱ ፕሪሚየር ሊግ መጨናነቅ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ባለቤቴ «ምንድን ነው ብቻህን የሚያስወራህ?» ስትለኝ ጮክ ብዬ። ሊጉ ክለብ በዝቶበታል፣ መርሐ ግብሩ አልገጥም ብሏል፣ በዚህ ላይ ከአዲስ አካባቢ አዲስ ክለብ ይምጣ ማለት ቅንጦት ነው ባይ ነው ጸሐፊው። አስተያየት ነው፣ መብቱ ነው። እኔን የቆረቆረችኝ መሀል ላይ ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር ናት፤ እንደ ጋምቤላ ያሉ ሩቅና ሞቃት አካባቢዎች ለተጓዥ ክለቦች ወጪያቸውም ድካማቸውም አይቻልም የምትለዋ።

ተጓዥ ክለብ? ወዴት የሚጓዝ?

ዘጋቢያችሁ ሊጉን የሚከታተል ከሆነ፣ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሜዳና ከሜዳ ውጪ መጫወት ቀርቶ ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው እንደሚጋጠሙ አይጠፋውም። ኮሮና መጣ፣ የዲኤስቲቪ ስርጭት መጣ፣ ካሜራውን በየከተማው ከማዞር ክለቦቹን አንድ ቦታ መሰብሰብ ቀለለ። መጀመሪያ አካባቢ ለጅማም ለባህር ዳርም ተራው ደርሷቸው ነበር፤ በኋላ ግን አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ድሬዳዋ እያለ ዞሯል። ስለዚህ ጋምቤላ ነገ ክለብ ቢኖራት የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ባሮ ወንዝ ዳር ጠርታ ፀሐይ ላይ አታሰጣውም። ሻንጣውን ተሸክሞ አዳማ ሆቴል የሚገባው የእኛው ልጅ ነው። መንገዱን የምንከፍለው እኛ፣ ከወዲሁ የደከማችሁ እናንተ!

ሙቀቱንም አልረሳሁትም። ድሬዳዋ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ እንዳላት እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አልሰማሁም ነበር።

አሁን ደግሞ በእርጋታ እንነጋገር። ሊጉ ተጨናንቋል ትላላችሁ፤ እሺ፣ የት ላይ ነው የተጨናነቀው? የ2017ን የውድድር ዘመን ውሰዱ። ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ መቻል፣ መድን፣ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ፤ ስድስቱም የአዲስ አበባ ናቸው። ሀዋሳ ብቻዋን ሀዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡናን ይዛለች። አልተመቀኘሁም፤ ሜዳ ላይ ያገኙት ነው። ግን በአምቦ መንገድ ውጡ፣ ነቀምትን እለፉ፣ ወይም በጅማ በኩል መቱና ጎሬን ይዛችሁ ውረዱ፤ እስከ ደቡብ ሱዳን ድንበር ድረስ በዚያ ዓመት ሊግ ውስጥ ያለ አንድ ክለብ አታገኙም። ታክሲ ውስጥ አራት ሰው በሦስት ሰው ወንበር ተጣቦ ኋላው ባዶ ሲሆን «ሞልቷል» የሚል ረዳት ታውቃላችሁ? ዘገባችሁ እሱን አስታወሰኝ።

«አዲስ አካባቢ ደረጃውን ያወርዳል» የምትለዋም አለች። ጅማ አባ ጅፋርና መቐለ 70 እንደርታ በ2009 አብረው ነው ያደጉት። ጅማ በመጣ በዓመቱ፣ በ2010፣ ከጊዮርጊስ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በጎል ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። መቐለ በ2011 ተከተለ። በ2013 ደግሞ ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ወደ ጎንደር አስገባው። ደረጃ እንዲህ የሚወርድ ከሆነ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ይውረድልን።

ዘጋቢያችሁ ሊለው ሲገባ ያላለውን እኔ ልበልለት። ያው ጅማ በ2014 ወርዷል። አብዛኞቹ የክልል ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ተጫዋች ልምምድ ያቆማል። ጋምቤላም በዚያው መንገድ ክለብ ልታቆም ከሆነ ለአንድ ግብ ጠባቂ የሚከፈለው የስንት መምህር ደመወዝ እንደሆነ መምህር ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ለወራት የሆቴል ወጪ መሸፈንም ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ወንበር በነፃ ስጡን አላልኩም። ከታች ጀምረን በነጥብ እንምጣ፤ ስንመጣ ግን «ሞልቷል» አትበሉን። ችግሩ ገንዘብ ነው ብትሉ እስማማ ነበር። እናንተ ግን ርቀትና ሙቀት አላችሁ።

የጋምቤላውን ልጅ ጋቶች ፓኖምን ጠቅሳችሁ «ክልሉ በተጫዋች ተወክሏል» ማለታችሁስ? ጋቶች ኩራታችን ነው፤ ከኢትዮጵያ ቡና ተነስቶ በ2009 ሩሲያ ድረስ፣ አንዢ ማካችካላ የሚባል ክለብ ገብቷል። ግን አንድ ሰው ነው። ብቻውን አሥራ አንድ ሊሆን አይችልም፤ ቁመቱ ቢያሳስታችሁም።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገርና ይውጣልኝ። በ2011 ክረምት አሥራ ስምንት ልጆች ይዤ ለአንድ የታዳጊዎች ውድድር ወጣሁ። በደሌ አድረን በማግስቱ ማታ ደረስን። መዝጋቢው ወረቀታችንን ሳያይ ፊታችንን አየና «የደቡብ ሱዳን ቡድን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም» አለን። መታወቂያ አወጣሁ። ገልብጦ አየው፣ ከዚያ ሌላ ሰው ጠርቶ አሳየው። ማደሪያ ተብሎ የተሰጠን የመማሪያ ክፍል ወለል ነበር፤ ፍራሹ ለቀደሙት አልቋል። በማግስቱ ተሸነፍን፣ እሱስ ጨዋታ ነው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ልጅ የጠየቀኝ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። «ኮች፣ ብናሸንፍስ ማን አሸነፈ ይሉ ነበር?»

ያ ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር ከደንበኞቹ ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ያያል። የአርባ ምንጭ ደጋፊም የራሱን ክለብ የሚያየው እንደዚሁ በቴሌቪዥን ነው ይላል ልጁ፤ እየሳቀ፣ «አሁን ሁሉም ጋምቤላ ሆነ» ይላል።

ከእናንተ የምጠይቀው ማረሚያ አጭር ነው። «ተጓዥ ክለቦች» የሚለው ይሰረዝ፤ ማንም ወደ እኛ አይጓዝም፣ ማንንም አልጠራንም። የታዳጊዎቹ ልምምድ ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል። ዘጋቢያችሁ ብቻ መምጣት ከፈለገ ይምጣ፤ ኮፍያ ግን አይርሳ።

መምህርና የታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ ከጋምቤላ