«እንዴት አደርክ?» ለሚለው ጥያቄ የዘገየ መልስ

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ደብዳቤ በገዛ ጣቶቼ ለመጻፍ ላበቃኝ ለልዑል እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይድረሰው። ቀጥሎም ባለፉት ሰባት ወራት በእኔ ምክንያት እንቅልፍ ላጣችሁ፣ ለጾማችሁና ለጸለያችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ አጠገቤ ለተቀመጣችሁ ሁሉ፦ ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ፤ እኔ አልችለውም። «በገዛ ጣቶቼ» ያልኩት ለወግ ያህል አይደለም። ይህችን አንቀጽ ለመጻፍ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ እስከ አሁን በራሳቸው ፈቃድ ነው የሚሄዱት።

ብዙዎቻችሁ «ለመሆኑ ምን ነበር ያገኘህ?» ብላችሁኛል። ሕመሙ ጊላን-ባሬ ሲንድረም ይባላል። ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1916 በሁለት ወታደሮች ላይ ያዩትን ጽፈው ካወጡ የፈረንሳይ ሐኪሞች ነው። ሰውነት ተሐዋስያንን ለመዋጋት ያሰናዳው ኃይል አቅጣጫ ስቶ የራሱን ነርቮች ሲወጋ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከሆድ ሕመም ወይም ከጉንፋን በኋላ ይነሳል፤ በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢያገኝ ነው። እኔንም ሆዴን አሞኝ ከዳንኩ በኋላ ከእግር ጣቶቼ ጀመረኝ። መደንዘዝ ነው ብዬ ናቅሁት። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውጣት፣ በአምስተኛው ሸሚዝ መቆለፍ፣ በስምንተኛው መተንፈስ አቃተኝ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቼ 19 ቀን በማሽን ተነፈስኩ። አእምሮዬ ግን አልተነካም። የሚያወሩትን ሁሉ እሰማለሁ፣ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ በእግር ኮቴው እለያለሁ፤ መልስ ብቻ የለኝም።

ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ ያለኝን ምስጋና በአካል ተገኝቼ ስለተናገርኩ እዚህ አልደግመውም። በአካል ላገኛቸው የማልችላቸው ግን አሉ። ለአምስት ቀናት በደም ሥሬ የገባው መድኃኒት የሚሠራው ሰዎች ከለገሱት ፕላዝማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚመረተው ብቻ ከሺህ በላይ የሆኑ ለጋሾችን ፕላዝማ ይፈልጋል። አስቡት፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጥተው፣ ተነሥተው ወደ ጉዳያቸው የሄዱ ሰዎች! አንዳቸውም ስሜን አያውቁም። እኔም በጸሎቴ ስማቸውን ልጠራ አልችልምና «አንተ ታውቃቸዋለህ» ብዬ ብቻ አልፋለሁ። ካሁን በፊት «የማያውቀኝ ሰው» ስል እንግዳ ማለቴ ነበር።

ወደ ባለቤቴ ልምጣ። መናገር ባልቻልኩባቸው ቀናት ፊደል ገበታ ይዛ መጣች። ጣቷን ከ«ሀ» ጀምራ ወደ ታች ታወርዳለች፤ የምፈልገው ፊደል ላይ ስትደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከዚያ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለች ወደ ጎን ትሄዳለች፤ እንደገና እጨፍናለሁ። አንዲት ቃል ለማውጣት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው ቀን በስንት ትግል «እ» ላይ ደረስን። ቀጥሎ «ግ»። ይህን ጊዜ ባለቤቴ ገበታውን ጥላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እግዚአብሔር ሊል ነው! በዚህ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ስሙን እየጠራ ነው!» አለችና ተንበርክካ መጸለይ ጀመረች። አብራት የነበረችው እህቴም ተከተለቻት። እኔ ለማለት የፈለግኩት «እግሬን አንሡልኝ» ነበር። የተጎዱት ነርቮቼ እየነደዱ አንሶላው ራሱ እንደ ድንጋይ ከብዶኝ ነበርና።

ረጅም ጸሎት ነበር። አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ ነገሩ ሲገባት እግሬን አቅፋ ሳቀች፤ እኔም ያለ ድምፅ፣ ያለ ፊት እንቅስቃሴ፣ ውስጤን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ማሽኑ መጮህ ጀመረና ነርሷ እየሮጠች መጣች። ከዚያ ክፍል ይዤው የወጣሁት ትልቁ ደስታ ያ ነው። ድኜ ከመነሣቴ በፊት፣ እንደምድንም ሳላውቅ የመጣ ደስታ ነው። ባለቤቴ ዛሬም አንድ ነገር ማለት ሲያቅተኝ «እ… ግ…» ብላ ትጀምርልኛለች።

እንዲህ ስል ሁሉ ነገር ሣቅ እንደነበር አይምሰላችሁ። ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ ወንድም (ስሙን ይለፈኝ፣ በፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ) አልጋዬ ራስጌ ቆሞ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለውን ጠቅሶ ማዘን የእምነት ጉድለት እንደሆነ ነገረኝ። መልስ መስጠት አለመቻሌን ያን ቀን እንደረገምኩት ረግሜው አላውቅም። ጥቅሱንም ጠላሁት። ማገገሚያ ክፍል ከተዛወርኩ በኋላ እህቴ ጥቅሱ ያለበትን የፊልጵስዩስ መልእክት ከመጀመሪያው አንድም ሳታስቀር እንድታነብልኝ ለመንኳት። አራት ምዕራፍ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ስንት ዓመት አንብቤው ያላየሁትን ያኔ አየሁ። ፊልጵስዩስ ራሱ የምስጋና ደብዳቤ ነው! ጳውሎስ ታስሮ ሳለ የዚያች ከተማ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ላኩለት፤ ለዚያ ነው የሚያመሰግናቸው። ከተማይቱም ቢሆን እሱና ሲላስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት የዘመሩባት ናት። ይልቁንም ልቤን የነካው ምዕራፍ ሁለት ነው። ስጦታውን ያመጣው አፍሮዲጡ በመሀል ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ጳውሎስ ስለ እሱ ሲጽፍ «በእምነት ስለ ነበርኩ አልተጨነቅሁም» አላለም። እግዚአብሔር ማረው፤ የማረውም እሱን ብቻ ሳይሆን በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይጨመርብኝ እኔንም ነው ይላል። ስለዚህ «ደስ ይበላችሁ» የሚለው ሰው በዚያው ደብዳቤ ላይ እንደሚያዝን አይደብቅም። ኑሮዬ ይበቃኛል ማለትንም «ተምሬአለሁ» ነው የሚለው። አብሮት የተወለደ ጠባይ ቢሆን ኖሮ መማር ባላስፈለገው። ጥቅሱ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ከታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ሆነልኝ።

እኔም እንደ ሕፃን መማር ጀመርኩ። የተጎዳ የነርቭ ዘንግ ሲያድግ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው አሉኝ። ቱቦው ከወጣ በኋላ መዋጥ እስክለማመድ በማንኪያ ጫፍ የተሰጠችኝን የመጀመሪያዋን ውሃ አልረሳትም። ቀዝቃዛ ነበረች፤ ጉሮሮዬን አልፋ ደረቴ ውስጥ ስትወርድ መንገዷን አወቅኋት። ፊዚዮቴራፒ የሠራችልኝ ባለሙያም ለአንድ እርምጃ ሦስት ሳምንት ስትታገሠኝ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልጠቆረም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ምስጋና በውሸት አያምርም። ቤቴ ከገባሁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ስልኬን ሳልሞላ አድሬ ባትሪዋ አለቀ ብዬ ቤተሰቡን ሁሉ ተቆጣሁ። ከማሽን ተላቅቄ፣ በእግሬ ቆሜ፣ በራሴ ሳንባ እየጮህኩ! ከነጹት ከአሥሩ ለምጻሞች ለማመስገን ሳይመለሱ የቀሩት ዘጠኙ ክፉ ሰዎች ነበሩ ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን ይገቡኛል። ጌታ ሂዱ ወዳላቸው ወደ ካህናት እየሄዱ ነበር፤ ቤትም ይናፍቃል፤ ሰው ሲድን ይቸኩላል። እኔ ብሆን አሥረኛው ነኝ ብዬ መማል አልችልም። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ የማልቸኩለው። ስድስት ቁልፍ አለው። ለእያንዳንዱ ከእናንተ አንዳችሁን እጠራለሁ፦ ልጆቼን ያሳደረችልኝን እማዬን፣ ሥራዬን ተከፋፍለው ደመወዜ እንዳይቋረጥ ያደረጉትን ባልደረቦቼን፣ በየሳምንቱ ተራ ገብታችሁ ያስታመማችሁኝን የኅብረታችንን ወንድሞችና እህቶች። የመጨረሻው ቁልፍ ግን የአንዲት እናት ነው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍሉን ያጸዱ የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። ገና ሳይነጋ ባልዲያቸውን ይዘው ይገባሉ፣ መጋረጃውን ይገልጣሉ፣ ወደ እኔም ዞር ይሉና «እንዴት አደርክ ልጄ?» ይሉኛል። ሌላው ሰው የሚያናግረኝ ማሽኑን እያየ ነበር፤ እሳቸው ግን እኔን አይተው ነው። ዝም እላለሁ። እሳቸውም መልስ የሰማ ሰው ያህል ቆም ይሉና «ተመስገን» ብለው ወለሉን መወልወል ይጀምራሉ። በእኔ ፈንታ መልሱን የሚሉልኝ እሳቸው ነበሩ፤ 19 ጠዋት። ዕድሜ ልኬን ሳላስበው ስለው የኖርኩትን ቃል ከአፋቸው ስሰማ፣ በውስጤ አብሬአቸው ለማለት እጣጣር ነበር።

በእግሬ መሄድ እንደቻልኩ ልፈልግዎ ተመልሼ መጥቼ ነበር። ሥራ ቀይረዋል አሉኝ። ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ባይደርስ እንኳ የሚያውቅዎ ሰው ያነብልዎ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና አደርኩ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?