የአራት ዓመት ልጅ ምኑ ይፈተናል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባሕር ዳር ውስጥ የአፀደ ሕፃናት ምዝገባ ይጀመራል፤ በየግል ትምህርት ቤቱም «የመግቢያ ፈተና» የሚሉት ነገር አብሮ ይመጣል። የአራት ዓመት ልጅ ከእናቱ ተነጥሎ ቢሮ ይገባና ፊደል አንብብ፣ እስከ ሃያ ቁጠር፣ ስምህን በእንግሊዝኛ ተናገር ይባላል። ያለቀሰ «አልደረሰም» ተብሎ ይመለሳል። እኔ ሕፃናት አስተምራለሁና ይህ አሠራር ቢቀር የምወድ ነኝ።

መስከረም ላይ ከሀ እስከ ፐ በቃሉ የሚወርድ ልጅ የሱሪውን ቁልፍ መፍታት አቅቶት ሲያለቅስ አያለሁ። ሽንቱ ሲመጣ መናገር፣ ተራ መጠበቅ፣ ሲከፋው ከመማታት ይልቅ በአፉ ማስረዳት ከፊደል ይቀድማሉ። የጣትም ነገር አለ። ጣቶቹ ያልጠኑ ልጅ እርሳሱን በጭብጡ ይይዛል፤ ተጭኖ ሲጽፍ ባለ አራት መስመር ደብተሩን ይቀደዋል፤ ከዚያ እጁን ይዘን እናስጽፈዋለን። ወላጅ ማታ ደብተሩን ገልጦ ባዶ ገጽ ካየ በማግሥቱ በር ላይ ነውና መምህሯም ገጽ መሙላት ይቀናታል። (የቤት ሥራውን እናት የሠራችው እንደሆነ ከእጅ ጽሑፉ እናውቃለን።)

ቅልብልቦሽ የሚጫወት ልጅ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ እሷ ሳትወርድ መሬት ያሉትን ለቅሞ፣ የወረወራትን ይቀልባል፤ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት። ዓይኑና እጁ አብረው ይሠራሉ፤ ሳያውቀው በሁለት በሁለት ይቆጥራል፤ ሲስት ለጓደኛው ይለቃል። ጣና ዳር ያደገው በደንገል ትንሽ ታንኳ ሲያስር ቋጠሮ ይማራል። የዜጌው ደግሞ ቀዩን የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው ሲለይ መመደብን ለምዷል። ማታ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ፣ መልሱ ሲጠፋው አገር እየሰጠ ያደገ ልጅ የቃላት ድኻ አይሆንም። ፈተናው ግን ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም።

ከዚህም የባሰው፣ ፈተናው የሚመርጠው ቀድሞ የተመቸውን ልጅ መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ቁመትን ብቻ አያሳጥርም፤ የአእምሮ እድገትንም ይጎዳል። እንዲህ ያለው ልጅ በአፀደ ሕፃናት በብዙ ሊታገዝ ሲገባው ከበር ይመለሳል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት ትምህርት እንዲኖር አድርጓል። ደግ ነው። ነገር ግን ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሕፃናቱ የሰጠው ክፍል የታላላቆቻቸው ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም። ወንበሩን አውጥቶ ሰሌን ማንጠፍ፣ ጠጠር፣ የቆርቆሮ ክዳንና ጭቃ ማቅረብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን የሚያጫውቱበት «ልጅ ለልጅ» የተባለው ዘዴም በአገራችን የታወቀ ነው፤ እዚህም ቢጠናከር።

የከተማው ትምህርት መምሪያ ከመጪው ምዝገባ በፊት የሕፃናት መግቢያ ፈተናን በደብዳቤ ይከልክል። ቦታ ከጠበበ ዕጣ ይውጣ፤ ወላጅም ዕጣ ሲወጣ ቆሞ ይይ።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት
ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ፣ ባሕር ዳር